ሩዙ ይቀንስ እንጂ ማዕዱ አይቀንስ

የማሌዢያን ቁርስ ለስኳር ሕመምተኛውም ለመላው ቤተሰብም በሚስማማ መንገድ ማዘጋጀት



በአንድ ቤት ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሲኖር ብዙውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሳህኑ ይለያል። ሐኪሙ «ይህን ይተዉ፣ ያንን ይቀንሱ» ይላል። የቤቱ እመቤትም ትእዛዙን ለመፈጸም ስትል ጣዕም የሌለው ነገር ለሕመምተኛው ለብቻ ትቀቅላለች። ልጆች የለመዱትን ከበው ሲበሉ አባት ወይም እናት ጥግ ይዘው የራሳቸውን ይቀምሳሉ። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ይታለፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሕመምተኛው ወይ ተደብቆ ይበላል፣ ወይ ከገበታው እየራቀ ይሄዳል።

ይህን ነገር በቅርብ ያየነው በአንድ የማሌዢያ ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ ነው። ለትምህርት ወደዚያች አገር ሄደን ከኳላ ላምፑር ከተማ ዳር፣ ጎምባክ በተባለው ሰፈር፣ ከዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳንርቅ እንኖር ነበር። ጎረቤቶቻችን አንድ ጡረተኛ አባትና ባለቤታቸው ነበሩ። በማሌዢያ በዕድሜ የሚበልጧትን ሴት «ማክ ቺክ»፣ ወንዱን ደግሞ «ፓክ ቺክ» ብሎ መጥራት ልማድ ነው። እኛ «እትዬ» እና «ጋሼ» እንደምንለው መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፋችንም በዚሁ አጠራር እንጠራቸዋለን። ከእነርሱ ጋር ሆነን የሠራነውን፣ መጀመሪያ የተበላሸብንንና በኋላ የተሳካልንን ቁርስ ከነአሠራሩ እናካፍላችኋለን።

ማሌዢያውያን ለቁርስ ምን ይበላሉ?

በማሌዢያ ቀኑ በጊዜ ይጀምራል። ሱብሒ ተሰግዶ ከመስጂድ ሲወጣ በመንገዱ ዳር ትናንሽ ጠረጴዛዎች ተዘርግተው፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለሉ፣ ጫፋቸው እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጠጥ ያለ ጥቅሎች ተደርድረው ይታያሉ። በጥቅሉ ውስጥ ያለው የአገሩ ዋና ቁርስ «ናሲ ለማክ» ነው። «ናሲ» የበሰለ ሩዝ ማለት ሲሆን «ለማክ» ደግሞ ወዝ ያለው፣ ስብ ያለው ማለት ነው። ሩዙ የሚበስለው በኮኮናት ወተት ነው። ፓንዳን የሚባል ረዥም አረንጓዴ ቅጠል ተቋጥሮ ስለሚጨመርበት ሽታው ከሩቅ ያውዳል። የሙዝ ቅጠሉም የራሱን መዓዛ ይሰጠዋል፤ የኮባ ቅጠል ለድፎ ዳቦ እንደሚያደርገው ማለት ነው። በሩዙ ዙሪያ «ሳምባል» የተባለው የበርበሬ ቁሌት፣ ተጠብሳ የምትንኮሻኮሽ «ኢካን ቢሊስ» የተባለች ትንሽ ደረቅ ዓሣ፣ የተቆላ ለውዝ (ኦቾሎኒ)፣ የተከተፈ ኪያርና የተቀቀለ እንቁላል ይቀመጣሉ።

ሌላው ተወዳጅ ቁርስ «ሮቲ ቻናይ» ነው። ይህን በብዛት የሚሠሩት «ማማክ» የሚባሉት፣ የዘር ሐረጋቸው ከሕንድ የሚመዘዝ ሙስሊሞች ናቸው። ሊጡ በቅባት ታሽቶ፣ እየተወረወረና እየተሳበ እንደ ስስ ጨርቅ ከሳሳ በኋላ ይታጠፍና በብረት ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ በምስር ወጥም ይበላል። አብሮት የሚቀርበው «ቴህ ታሪክ» ነው። ስሙ ለጆሯችን የእኛን «ታሪክ» ቢመስልም ትርጉሙ «የተሳበ ሻይ» ማለት ነው። ወፍራም ሻይ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ተጨምሮበት ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ ተደርጎ እየተንቆረቆረ አረፋ እስኪያወጣ ይቀዳል።

ምግቡ ጣፋጭ መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩ በሰውነት ውስጥ ወደ ስኳርነት የሚለወጠው ካርቦሃይድሬት የተባለው ንጥረ ነገር በአንድ ማለዳ የሚከማችበት መጠን ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ ወደ 45 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት አለው። በሻዩ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ቢጨመር ሌላ 20 ግራም ያህል ስኳር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ገና ከረፋዱ በፊት ነው።

የማሌዢያ መንግሥትም ጉዳዩን ችላ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአዋቂዎች 18.3 በመቶ ያህሉ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታይቷል። በ2023 በተደረገው ጥናት ደግሞ 15.6 በመቶ፣ ማለትም ከ6 አዋቂዎች አንዱ ገደማ ነበር። ከእነዚህም ከ5ቱ ሁለቱ ሕመሙ እንዳለባቸው ራሳቸው አያውቁም ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ስኳር በሚበዛባቸው የታሸጉ መጠጦች ላይ ቀረጥ ጥሏል። የጤና ሚኒስቴሩ ለሕዝቡ የሚያስተምረውም «ሱኩ ሱኩ ሰፓሮ» በሚል አጭር አነጋገር ነው፤ «ሩብ፣ ሩብ፣ ግማሽ» ማለት ነው። ከሳህኑ ሩቡ ሩዝ ወይም ዳቦ፣ ሩቡ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ ይሁን ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለውሃና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ ስለመክፈል የሰጡትን ምክር ለሚያውቅ ሙስሊም የልክ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

የፓክ ቺክ ምሥጢር

ጎረቤታችን ፓክ ቺክ ጨዋታ የሚወዱ፣ ለሰው ሁሉ ሰላምታ የማይነፍጉ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ወደ ሕክምና ሄዱ። በባዶ ሆዳቸው ደማቸው ሲመረመር ስኳሩ 11 ሚሊሞል በሊትር፣ ማለትም በእኛ አገር በተለመደው አለካክ ወደ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 7 ሚሊሞል (126 ሚሊግራም) እና ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ይባላል። መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ሩዝና ጣፋጭ እንዲቀንሱም ተነገራቸው።

ማክ ቺክ እጅግ ደነገጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለባለቤታቸው በየጠዋቱ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ጨው ያልነካው ጎመን ያቀርቡላቸው ጀመር። የናሲ ለማኩ ሽታ እንዳያስጎመጃቸው በማለትም በረንዳ ላይ ለብቻቸው ያስቀምጧቸው ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በውስጥ ምንጣፉ ላይ ከበው እንደወትሮው ይበላሉ። ማክ ቺክ ይህን ያደረጉት በፍቅር እንደነበር እኛ ምስክሮች ነን።

አንድ ቀን ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠረጴዛ ላይ ፓክ ቺክን አየናቸው። ፊት ለፊታቸው ሁለት የተፈቱ የሙዝ ቅጠሎች ነበሩ፤ ሦስተኛውን በእጃቸው ይዘውታል። ሲያዩን ደነገጡ። ቀጥሎም አፍረው ፈገግ አሉና እንድንቀመጥ ጋበዙን።

«ልጆቼ፣ ለማክ ቺክ እንዳትነግሯት» አሉን። «ረሃብ ያወጣኝ መስሏችሁ ይሆናል። እንቁላሉስ ያጠግበኛል። ልጆቼ በውስጥ እየሳቁ ሲበሉ እኔ በረንዳ ላይ ብቻዬን መቀመጡን ግን አልቻልኩትም። እዚህ ቢያንስ አጠገቤ የሚበላ ሰው አለ።»

በጣም ተቸገርን። የሰው ምሥጢር አማና ነው፤ ዝም ብንል ግን እኚህ ሰው እግራቸውን ወይም ዓይናቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እናውቃለን። በመጨረሻ እንዲህ አልናቸው፦ «ፓክ ቺክ፣ እኛ አንነግርባቸውም፤ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን፤ ከማክ ቺክ ጋር ሆነን ሁላችሁም አብራችሁ የምትበሉት ናሲ ለማክ እንሞክራለን።» ራሳቸውን ነቀነቁ። የያዙትን ጥቅል ግን ጨርሰውት ነው የተነሡ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ቅዳሜ ስንሄድ ማክ ቺክ በር ላይ ተቀበሉን፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ላድነው ብዬ ከቤቱ አስወጣሁት» አሉን።

ጣዕሙ ያለው የት ነው?

ከጓዳ ገብተን መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መቁጠር ነበር። በናሲ ለማክ ሳህን ላይ ስድስት ነገሮች አሉ፦ ሩዝ፣ ሳምባል፣ ዓሣ፣ ለውዝ፣ ኪያርና እንቁላል። ከስድስቱ የፓክ ቺክን ስኳር በብዛት የሚያወጣው ሩዙ ነው። በሁለተኛ ደረጃ በሳምባሉ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ይገኛል። የቀሩት አራቱ ብዙም ጉዳት የለባቸውም። ደግሞስ ያ ሰውን ከመንገድ የሚጠራው ሽታ የማን ነው? የኮኮናት ወተቱ፣ የፓንዳኑ፣ የዝንጅብሉና የበርበሬው ነው። ሩዝ በራሱ ሽታውን ተቀብሎ ያዥ ነው እንጂ ሰጪ አይደለም። ስለዚህ ሽታውን የሚቀበል ሌላ ነገር ካገኘን ማዕዱ በቦታው ይቆያል ማለት ነው።

የመረጥነው አበባ ጎመንን ነው። 100 ግራም የበሰለ ሩዝ 28 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው 100 ግራም አበባ ጎመን ግን 5 ግራም ያህል ብቻ አለው፤ ከዚህም 2 ግራሙ ወደ ስኳርነት የማይለወጥ አሰር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ተበላሸ። ጎመኑን ከነውሃው ድስት ውስጥ ጨምረን፣ የኮኮናት ወተቱን አፍስሰን ከደንነው። ስንከፍተው ላሽቆ ነበር። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «ይህ ናሲ ለማክ አይደለም፤ ሾርባ ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ የሳቁት ግን ከሁሉ በላይ ፓክ ቺክ ነበሩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ምሥጢሩ ገባን፦ ውሃው አስቀድሞ መጨመቅ አለበት፤ ድስቱም ፈጽሞ መከደን የለበትም።

1. ናሲ ለማክ በአበባ ጎመን (ለ4 ሰው)

ለ«ሩዙ» የሚያስፈልጉ፦
— 1 መካከለኛ አበባ ጎመን (ተጠርጎ ወደ 600 ግራም የሚሆን)
— ¾ ኩባያ ወፈር ያለ የኮኮናት ወተት፣ ስኳር ያልተጨመረበት
— 2 ስስ ቁራጭ ዝንጅብል
— 2 የፓንዳን ቅጠል፣ ተቋጥሮ
— ½ የሻይ ማንኪያ ጨው

ለሳምባሉ የሚያስፈልጉ፦
— 12 የደረቀ ቀይ ዛላ በርበሬ፣ ፍሬው የወጣለት
— 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት
— 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት
— 1 የሻይ ማንኪያ «በላቻን» (ከትናንሽ ሽሪምፕ የሚሠራ የደረቀ ቅመም)፣ በትንሹ የተጠበሰ
— 1 የሾርባ ማንኪያ ሁመር፣ በሩብ ኩባያ ሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የተጠለለ
— 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
— ጨው በመጠኑ

ለዙሪያው የሚያስፈልጉ፦
— 50 ግራም ኢካን ቢሊስ
— 4 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ለውዝ
— 1 ኪያር
— 4 የተቀቀለ እንቁላል

አሠራር፦ ሳምባሉ ጊዜ ስለሚወስድ ከእርሱ እንጀምር። ዛላ በርበሬውን በሙቅ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉት። ከዚያም ከቀይ ሽንኩርቱ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከበላቻኑ ጋር በሙቀጫ ውቀጡት ወይም በመፍጫ ፍጩት። ዘይቱን አግሉና ድብልቁን በዝግታ እሳት አቁላሉት። ማሌዢያውያን ሳምባል መብሰሉን የሚያውቁት «ፔቻህ ሚኛክ» ሲል ነው፤ ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ሲንሳፈፍ ማለታቸው ነው። ቁሌት ሠርታ የምታውቅ እህታችን ይህን ምልክት ማንም ሳያሳያት ታውቀዋለች። ይህ እስኪሆን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። አትቸኩሉ፤ የዚህ ሁሉ ዘዴ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሁለትና ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምረው ሽንኩርቱ ገና ጥሬነቱ ሳይለቀው ስለሚያወጣው ነው። ቀስ ብሎ የተቁላላ ሽንኩርት የራሱን ጣፋጭነት ያወጣል፤ ስኳር አያስፈልገውም። በመጨረሻ የሁመሩን ውሃና ጨዉን ጨምራችሁ 5 ደቂቃ ያህል አንተክትኩና አውጡት።

ሳምባሉ በመቁላላት ላይ ሳለ ኢካን ቢሊሱን ቶሎ በውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ አድርቁት። ጨው ስለሚበዛበት መታጠቡ ለደም ግፊትም ይበጃል። ከዚያም በጥቂት ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱት።

አበባ ጎመኑን በካሮት መፈቅፈቂያ ሰፊ ቀዳዳ ፈቅፍቁት፤ የሩዝ ፍሬ ያህላል። በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ ውሃው እስኪያልቅ ጭመቁት። ሰፋ ያለ መጥበሻ ያለ ዘይት አግሉና ጎመኑን 3 ወይም 4 ደቂቃ እያማሰላችሁ አድርቁት። የኮኮናት ወተቱን፣ ዝንጅብሉን፣ የፓንዳኑን ቋጠሮና ጨዉን ጨምሩ። ሳትከድኑ፣ ወተቱ ወደ ጎመኑ እስኪገባ 5 ደቂቃ ያህል አብስሉና አውርዱ። የሙዝ ቅጠል ካገኛችሁ በእሳት ላይ አሳልፋችሁ ለስለስ ሲል ሳህኑ ላይ አንጥፉትና ትኩሱን በላዩ ገልብጡበት።

እንዲህ የተዘጋጀ አንድ ሰው የሚበላው ሙሉ ሳህን ከነሳምባሉና ከነለውዙ በእኛ ግምት ወደ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል። በሩዝ ቢሆን ሩዙ ብቻውን የዚህን ሦስት እጥፍ ይይዛል። ልጆችና ጤናማ ወጣቶች ሩዝ ቢያምራቸው ከጎኑ ትንሽ ሩዝ መቀቀል ይቻላል፤ ሳምባሉ፣ እንቁላሉና ዓሣው አንድ ስለሆነ የሁሉም ገበታ አንድ ነው።

2. የአትክልት ወጥ በኮኮናት ወተት (ለ4 ሰው)

ማሌዢያውያን በዒድ ማለዳም ሆነ በአዘቦት ቀን «ሎንቶንግ» የሚባል ቁርስ አላቸው። ተጨምቆ እንደ አይብ የተቆራረጠ ሩዝ «ሳዩር ሎዴህ» በተባለ የአትክልት ወጥ ይበላል። እኛ ሩዙን ትተን በቦታው ቶፉና ቴምፔህ አስገባን። ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ነው። ቴምፔህ ደግሞ አኩሪ አተሩ ራሱ ተቀቅሎና ተብላልቶ እንደ ጥፍጥፍ የሚያያዝ ነው። ሁለቱም ገንቢ ምግብ ናቸው።

የሚያስፈልጉ፦ 200 ግራም ጥቅል ጎመን፣ 100 ግራም ፎሶሊያ፣ 1 ትንሽ ካሮት፣ 150 ግራም ቶፉ፣ 150 ግራም ቴምፔህ፣ 1 ኩባያ የኮኮናት ወተት፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ 4 የተቀቀለ እንቁላል፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 1 የተቀጠቀጠ የጠጅ ሳር አገዳ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው።

አሠራር፦ ቶፉውንና ቴምፔሁን ቆራርጣችሁ በጥቂት ዘይት ጠበስ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሽንኩርቶቹን፣ ዝንጅብሉንና እርዱን አንድ ላይ ፈጭታችሁ በቀረው ዘይት ከጠጅ ሳሩ ጋር አቁላሉ። ውሃውን ጨምሩና ሲፈላ መጀመሪያ ካሮቱንና ፎሶሊያውን፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ጎመኑን ክተቱ። አትክልቱ በሰል ሲል እሳቱን ቀንሱና የኮኮናት ወተቱን እያማሰላችሁ አፍስሱ። ወተቱ ከተንተከተከ ስለሚበጣጠስ እንዲፈላ አትፍቀዱለት። ቶፉውን፣ ቴምፔሁንና እንቁላሉን ጨምራችሁ ጨዉን አስተካክሉ። ከላይ አንድ ማንኪያ ሳምባል ጣል ቢደረግበት ይበልጥ ያምራል።

3. ለችኩል ቀን፦ ለብ ለብ ያለ እንቁላልና «ባዶ» ሻይ

«ኮፒቲያም» በሚባሉት የማሌዢያ ቡና ቤቶች የተለመደው ቁርስ በግማሽ የበሰለ እንቁላል ነው። ውሃ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆዩ እንቁላሎች ክተቱበትና ከድናችሁ 7 ደቂቃ ያህል ተዉት። በትንሽ ሳህን ላይ ሰብራችሁ ጥቂት ጠብታ የአኩሪ አተር ስጎና ቁንጥር ነጭ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአቅመ ደካሞች ግን እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ መብሰል አለበት። በቡና ቤቱ አብሮት የሚመጣው ከእንቁላል፣ ከኮኮናትና ከብዙ ስኳር የሚሠራው «ካያ» የተባለ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ነው፤ እርሱን ለሌላ ቀን አቆዩት። የታሸገ ስጎና ቅመም ስትገዙ ሐላል መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት መመልከት አትርሱ። በማሌዢያ ይህን ምልክት የሚሰጠው «ጃኪም» የተባለው የመንግሥት የኢስላም ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው።

ስለ ሻዩ ደግሞ ፓክ ቺክ አንድ ቃል አስተምረውናል። በማሌዢያ ቡና ቤት ገብቶ «ቴህ ኦ ኮሶንግ» ያለ ሰው ወተትም ስኳርም የሌለው ሻይ ይመጣለታል። «ኮሶንግ» ባዶ ማለት ነው። ወዲያው ለማይችል ሰው «ኩራንግ ማኒስ» የሚባል አለ፤ «ጣፋጩን ቀነስ» ማለት ነው። እሳቸው በኩራንግ ማኒስ ጀምረው በሁለት ወር ኮሶንግ ደረሱ። እኛ ቀረፋና ዝንጅብል ጣል አደረግንበት፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

አገር ቤት ለምትሞክሩት

አብዛኛው ነገር ከጓዳችሁ አይርቅም። ዛላ በርበሬ፣ ጠጅ ሳር፣ እርድና ኦቾሎኒ በየገበያው አሉ፤ ሁመርን የሐረርና የድሬዳዋ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። የኮኮናት ወተት በቆርቆሮ የታሸገ ይገኛል፤ ስትገዙ ስኳር ያልተጨመረበት መሆኑን ከጀርባው አንብቡ። አበባ ጎመን ካጣችሁ በጣም ደቅቆ የተከተፈ ጥቅል ጎመን በዚያው አሠራር ይሆናል። ፓንዳን ቢቀር ዝንጅብሉን ጨመር አድርጉ። በኢካን ቢሊስ ፋንታ በትንንሹ ተከትፎ የተጠበሰ ዓሣ ይበቃል። በላቻኑም ቢቀር ሳምባሉ አይበላሽም።

ጥብቅ ማሳሰቢያ

ውድ አንባቢዎቻችን! ሩዝንና ዳቦን መቀነስ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደጋ ሊኖረው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊክላዛይድ ያሉ ኪኒኖችን የሚወስድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንደነበረ ይዞ ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ብርቱ ረሃብና ግራ መጋባት የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ይለካ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡት በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ምግባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። በእድገት ላይ ላሉ ልጆች ሩዝና እንጀራ ጨርሶ መከልከል አያስፈልግም። የኮኮናት ወተት በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ዓይነት ስብ ስለሚበዛበት በየቀኑ አይሁን፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ሌላውን ቀን ደግሞ እንቁላሉንና አትክልቱን ያለ ኮኮናት ማዘጋጀት ይሻላል። ረመዷን ሲቃረብም የስኳር ሕመምተኛ ለሱሑር ምን እንደሚበላና መድኃኒቱን መቼ እንደሚወስድ ከወራት በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

መጨረሻው

ከሦስት ወር በኋላ ፓክ ቺክ በባዶ ሆዳቸው ሲለኩ ስኳራቸው 7.4 ሆነ፤ የእግራቸው ቁስልም ደረቀ። ይህ የሆነው በአበባ ጎመን ብቻ ነው ብንል አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ወስደዋል፤ ከመግሪብ በፊትም ከማክ ቺክ ጋር ለግማሽ ሰዓት በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። መድኃኒቱን ዛሬም ይወስዳሉ። ጁሙዓ ጠዋት ደግሞ እውነተኛውን ሩዝ አንድ ጭብጥ ያህል ይበላሉ፤ ሐኪማቸውም ያውቃል፣ ማክ ቺክም ያውቃሉ።

የልጅ ልጃቸው አሁንም «ናሲ ለማክ አይደለም» ማለቷን አልተወችም። ግን ትበላዋለች፤ ሳምባሉንም ትጨምራለች። በረንዳ ላይ የነበረችው ወንበር ወደ ግቢው ወጥታ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦባታል። ፓክ ቺክ እንደ ድሮው ምንጣፉ መካከል ተቀምጠው «ቢስሚላህ» ብለው ያስጀምራሉ።

ተሰብስቦ በሚበላ ምግብ በረካ እንዳለ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል። በእናንተም ቤት ሳህኑ የተለየበት ሰው ካለ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን እርሱ የሚበላውን ሁላችሁም ብሉለት፤ ከዚያ ጣዕሙን እንዴት እንደምታሳምሩት ጓዳችሁ ራሱ ይነግራችኋል። አላህ የታመሙትን ይማር፣ ለሁላችንም ዐፊያውን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።